በዲቪ አሜሪካ ለገቡ፦ ስለ መጀመሪያው ዓመት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዲቪ ዕጣ አሜሪካ የሚገባ ሰው ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ምክር ይጎርፍለታል። አብዛኛው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ከፊሉ ጊዜው ያለፈበት፣ ከፊሉም በሌላ መንገድ ለገባ ሰው የሚሠራ በመሆኑ፣ ሰሚውን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያስከፍለዋል። ደጋግመው ከሚሰሙት ውስጥ እነዚህን ማረም ያስፈልጋል።

«ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪደርስ ሥራ መጀመር አይቻልም።»

ይቻላል። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው የኢሚግራንት ቪዛ በመግቢያው ላይ ማኅተም ሲያርፍበት ለ1 ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል፤ ይኸው ቃል በቪዛው ላይ ታትሟል። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ (ለሥራና ለታክስ የሚያገለግለው መለያ ቁጥር ያለበት ካርድ) አለመድረሱም፣ ለቁጥሩ እስከተመለከተ ድረስ፣ ሥራ አይከለክልም። ግሪን ካርዱ ራሱ ግን የኢሚግሬሽን ክፍያው ካልተፈጸመ አይላክም፤ አድራሻ የቀየረ ሰውም በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት።

«መንግሥት ለአዲስ ገቢ ቤትና ገንዘብ ይሰጣል።»

ይህ ግምት የሚመነጨው ከስደተኞች ካምፕ የሚመጡትን ከዲቪ ዕድለኞች ጋር ከማምታታት ነው። ስደተኛውን የሚቀበል የሰፈራ ድርጅት አለ፤ ባለ ዲቪውን ግን በአብዛኛው የሚቀበለው ዘመዱ ብቻ ነው። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ አብዛኞቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ቋሚ ነዋሪዎች እንደ ምግብ ድጋፍና ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያሉትን የፌዴራል እርዳታዎች ለማግኘት 5 ዓመት እንዲጠብቁ ያዛል፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የተለየ አሠራር ያላቸው ግዛቶች አሉ። ስለዚህ በዘመድ ቤት ስንት ወር እንደሚቆዩ፣ ኪራዩንም ከመቼ ጀምሮ እንደሚጋሩ ከመምጣት በፊት በግልጽ መነጋገር ነውር አይደለም። ብዙ ዝምድና የተበላሸው ይህ ሳይነገር በመቅረቱ ነው።

«የኢትዮጵያ ዲግሪ እዚህ ዋጋ የለውም።»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ የሚገመግሙ ድርጅቶች ለዲግሪው የአቻ ግምት ይሠሩለታል፤ የአቻ ግምቱ ግን የሙያ ፈቃድን አይተካም። ነርስ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና አልፎ ከግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ሐኪም ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉትን የሕክምና ፈቃድ ፈተናዎች ካለፈ በኋላም በአብዛኛው እንደገና የሬዚደንሲ ሥልጠና (በሆስፒታል ውስጥ በክትትል የሚሰጥ የሐኪሞች ሥልጠና) መግባት ይጠበቅበታል፤ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ደግሞ ምንም የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልገውም። መንገዱ እንደ ሙያው ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ የተዘጋ ግን አይደለም።

ብዙዎችን የሚያሰናክለው እንቅፋት ያለው አገር ቤት ነው። ገምጋሚዎቹ በአብዛኛው ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መቀበል ይፈልጋሉ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳውን ላልጨረሰ ተመራቂ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይሰጥም። ስለዚህ ዕዳውን ከፍሎ፣ ለሚታመን ሰው ውክልና ሰጥቶ መምጣት ከሻንጣ ዝግጅት ይቀድማል። «መጀመሪያ ሥራ ልያዝ፣ ዲግሪው ይደርሳል» የሚለውም ሐሳብ ያዘናጋል። በፓርኪንግና በመጋዘን መሥራት ወይም አረጋውያንን መንከባከብ ኪራይ የሚከፈልበት የተከበረ ሥራ ነው፤ ሆኖም ሁለት ፈረቃ መሥራት ከተለመደ በኋላ ወረቀት ለመከታተል የሚተርፍ ጉልበት አይኖርም። የዲግሪ ግምገማ ማመልከቻውን በመጀመሪያው ወር ያስገባ ሰው ግን እሱ ሲሠራ ጉዳዩም ጎን ለጎን ይሄድለታል።

«ክሬዲት ካርድ ዕዳ ነውና አለመንካት ይሻላል።»

የክሬዲት ታሪክ (የብድር አከፋፈል መዝገብ) የሌለው ሰው አፓርታማ ሲከራይ ሊከለከል ወይም ከፍ ያለ ማስያዣ ሊጠየቅ ይችላል። ከ300 እስከ 850 የሚሰላው የክሬዲት ነጥብ እንዲወጣለት አንድ የብድር ሒሳብ በአብዛኛው ቢያንስ ለ6 ወር ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። በመያዣ ገንዘብ የሚሰጠውን ካርድ ወስዶ የገዛበትን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰው ወለድ የለበትም።

«በኡበር የሚገባው ገንዘብ በሙሉ የሾፌሩ ነው።»

ሾፌሩ ለታክስ የሚቆጠረው እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ ሥራ እንደሚተዳደር ሰው ስለሆነ በየክፍያው ታክስ የሚቀንስለት የለም። ከገቢ ታክሱ በተጨማሪ ከትርፉ ላይ 15.3 በመቶ ገደማ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የጤና መድን) ይከፍላል። ለሥራ የነዳውን ማይል ከመዘገበ ታክስ የሚታሰብበት ትርፍ በሕግ ይቀንስለታል።

«ግሪን ካርድ እስካለ ድረስ አገር ቤት የፈለጉትን ያህል መቆየት ይቻላል።»

ከ6 ወር በላይ መቆየት ለዜግነት የሚቆጠረውን የ5 ዓመት ነዋሪነት ሊያቋርጥ ይችላል፤ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ደግሞ በግሪን ካርዱ ብቻ ተመልሶ ለመግባት ይቸገራል። ወላጅ ታሞበት ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ሰው የመመለሻ ፈቃዱን ማመልከት ያለበት ገና አሜሪካ ውስጥ ሳለ ነው፤ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ማመልከት አይችልም።