በዘመኑ መሣሪያ የሚነፋ የባሮክ ኮንቼርቶ ምንድን ነው?

ኮንቼርቶ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የሆኑ ብቸኛ ተጫዋቾች ከኦርኬስትራ ጋር እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ድርሰት ነው። ባሮክ የሚባለው ደግሞ በግምት ከ1600 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. የዘለቀው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን ነው። ብቸኛውን ሚና ፍሉት፣ ኦቦ፣ ባሱን (ሁለቱ በመቃ አፍ የሚነፉ የእንጨት መሣሪያዎች ናቸው) ወይም መለከት ሲይዘው የትንፋሽ ኮንቼርቶ ይሆናል። «በዘመኑ መሣሪያ» ማለት እንግዲህ ድርሰቱ በተጻፈበት ጊዜ ይሠራበት በነበረው ዓይነት መሣሪያ መጫወት ነው። በተግባር የምንሰማው አብዛኛው መሣሪያ በሙዚየም ከተረፉት ተለክቶ ዛሬ የተሠራ ቅጂ ነው፤ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ እንጨት በየምሽቱ ሙቅና እርጥብ ትንፋሽ ሲገባበት እንዳይሰነጠቅ ያሰጋልና።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ፍሉት ላይ ነው። ዛሬ በኦርኬስትራ ውስጥ የምናየው የብረት ፍሉት መሠረቱ ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቦም በ1847 ያወጣው ንድፍ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ (በሁለት ድምፆች መካከል ላለው ትንሹ እርምጃ) የራሱ ሰፊ ቀዳዳ ስላለውና ጣት የማይደርስበትንም ቁልፍ ስለሚከድነው፣ ድምፆቹ በጉልበትም በጥራትም እርስ በርስ ይቀራረባሉ። የባሮኩ ፍሉት ግን ስድስት የጣት ቀዳዳና አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው እንጨት ነው። ጣቶች በተራ ሲነሡ የዲ ሜጀር ስኬል (ከዲ ተነሥቶ በተርታ የሚወጣ የድምፆች መሰላል) ጥርት ብሎ ይወጣል፤ በመካከል ያሉትን ግማሽ ድምፆች ለማግኘት ግን አንዱን ቀዳዳ ክፍት ትቶ ከሥሩ ያሉትን መድፈን ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ድምፅ ደከም ያለ፣ ሻሽ ጣል የተደረገበት ዓይነት ነው።

የኋላው ዘመን ሠሪዎች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው አስተካከሉት። የባሮክ ደራሲዎች ግን የሚጽፉት ለዚህ ላልተስተካከለ መሣሪያ ነበር፣ ደካማውንም ድምፅ አውቀው ይጠቀሙበት ነበር ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የጣሊያናዊውን ደራሲ የአንቶኒዮ ቪቫልዲን «ሌሊት» የተባለ የፍሉት ኮንቼርቶ ማየት ይበቃል። ድርሰቱ በ1729 ገደማ በአምስተርዳም በታተመው ዐሥረኛው ኦፐስ (የድርሰት ስብስብ) ውስጥ ሁለተኛው ነው። የተጻፈው በጂ ማይነር በመሆኑ ቢ ፍላትና ኤፍ የተባሉት ድምፆች በየቦታው ይመላለሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ በባሮኩ ፍሉት ላይ ጭፍን ካሉት ድምፆች ውስጥ ናቸው። «መናፍስት» የሚለው ፈጣን ክፍል ሲመጣም ሆነ በኋላ «እንቅልፍ» የሚለው ዝግተኛ ክፍል ሲከተል፣ ጨለማው ከእንጨቱ ከራሱ ይወጣል። በብረት ፍሉት ሲነፋ ያው ቢ ፍላት እንደ ጎረቤቶቹ ያበራልና ተጫዋቹ ጨለማውን በራሱ ጥበብ መፍጠር ይኖርበታል። ጎበዝ ተጫዋች ይፈጥረዋል፤ ነገር ግን ሥራው ሌላ ሥራ ነው።

ቪቫልዲ ከ1703 ጀምሮ ያስተምር የነበረው በቬኒስ ለሴት ልጆች ማሳደጊያ በነበረው ፒየታ ሲሆን፣ ለባሱን ብቻ 39 ኮንቼርቶ ትቶልናል፤ ከነዚህ ሁለቱ አልተጠናቀቁም። ለኦቦ ደግሞ ቶማሶ አልቢኖኒ በ1715 ያሳተማቸው ሥራዎች ከጣሊያን ደራሲ ለሕትመት የበቁ የመጀመሪያዎቹ የኦቦ ኮንቼርቶዎች ናቸው።

መለከቱ ለአገራችን ሰው የሚቀርብ ነገር አለው። የባሮክ መለከት ቀዳዳም ሆነ ቫልቭ (ድምፅ ለመቀየር በጣት የሚጫን መዝጊያ) የለውም፤ በዲ የተቃኘው ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝም የተጠቀለለ ቱቦ ብቻ ነው። እንደ እምቢልታ ሁሉ የሚሰጠው ቱቦው በተፈጥሮው የያዛቸውን ድምፆች ነው። እምቢልታ ነፊዎች ጥቂቶቹን ድምፆች ተከፋፍለው ዜማውን በጋራ ሲሞሉት፣ የባሮኩ መለከተኛ ግን ድምፆቹ ወደሚቀራረቡበት ከፍታ ወጥቶ ዜማውን ብቻውን ያወጣዋል። ከታች ሲቆጠር ዐሥራ አንደኛው ድምፅ በጂና በጂ ሻርፕ መካከል እየዋለለ ከስኬሉ ውጭ ስለሚወድቅ በከንፈር ማቅናት ግድ ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ባኽ በ1721 ባቀረበው ሁለተኛው የብራንደንቡርግ ኮንቼርቶ መለከቱን ከለስላሳው ሪኮርደር (ቀጥ ተደርጎ የሚነፋ የእንጨት ዋሽንት)፣ ከኦቦና ከቫዮሊን ጎን እኩል ብቸኛ አድርጎ አቁሞታል። በዘመናዊ መለከት ሲጫወት ሪኮርደሩ እንዳይዋጥ ብዙ መጠንቀቅ ያሻል፤ ረጅሙ ቱቦ ግን ከፍ ባለው ክልል ለስለስ ብሎ መነፋት ስለሚችል፣ የቫዮሊኑም ክር ጅማት ስለሆነ፣ አራቱ ይደማመጣሉ።

በዘመኑ መሣሪያ የመጫወት እንቅስቃሴ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ኒኮላውስ አርኖንኩር በ1953 በቪየና የመሠረተው ኮንሴንቱስ ሙዚኩስ ከቀዳሚዎቹ ቡድኖች አንዱ ነው። ሆኖም «የዘመኑ» የሚለው ቃል ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ዛሬ ቡድኖቹ መሣሪያዎች ሁሉ የሚቃኙበትን መሠረታዊውን ድምፅ፣ ኤን፣ በ415 ኸርዝ ይቃኛሉ፤ ይህም ከዛሬው 440 ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ስለሚል ለሥራ የሚመች ስምምነት ነው እንጂ የሁሉም ከተማ ልማድ አልነበረም፤ ቪቫልዲ በኖረበት ቬኒስ ቅኝቱ ወደ 440 የተጠጋ ነበር፣ በፈረንሳይ ደግሞ ወደ 392 ይወርድ ነበር። ብዙ መለከተኞችም ያንን አስቸጋሪ ዐሥራ አንደኛ ድምፅ ለማቅናት በቱቦው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ያስበሳሉ፤ እነዚያ ቀዳዳዎች የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ናቸው፣ የባኽ መለከተኛ አያውቃቸውም።