ቆፈረ እና ኮተኮተ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ! ዛሬ አንድ ቃል ይዤ መጥቻለሁ።

ግሪኩ «ስካፕቶ» ይለዋል፤ መቆፈር ነው። በአዲስ ኪዳን ሦስት ጊዜ ብቻ ይገኛል፣ ሦስቱም ሉቃስ ወንጌል ውስጥ። 6፥48 ላይ ቤት ሊሠራ አጥልቆ የቆፈረው ሰው አለ። 16፥3 ላይ ደግሞ ለመቆፈር ኃይል የለኝም፣ ልመናም ያሳፍረኛል የሚለው የባለጠጋው ንብረት መጋቢ። (እጁ ከብዕር ሌላ የያዘ አይመስለኝም።)

ሦስተኛው 13፥8፣ ፍሬ ያጣችው የበለስ ዛፍ ምሳሌ ውስጥ ነው። እዚህ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መቆፈር»ን ትቶ «መኮትኮት»ን መረጠ። ግሪኩ ያው አንድ ቃል ነው። ተርጓሚዎቹ ግን የገበሬውን ቋንቋ ያውቁ ነበር።

እኔ ልዩነቱን የተማርኩት እናቴ ጓሮ ነው። ልጅ ሆኜ በርበሬውን ኮትኩት ተባልኩ። እኔ ሆዬ ዶማ ይዤ ገባሁ። ሁለተኛው ችግኝ ላይ ስደርስ ጮኸችብኝ። «አንተ! ጉድጓድ ነው እንዴ የምትቆፍረው? ሥሩን ጨረስከው እኮ!» ትንሿን መኮትኮቻ አንስታ ጎንበስ አለች። የደረቀውን አፈር ፈርከስ ፈርከስ አደረገችው። ግንዱ ጋ ስትደርስ መኮትኮቻውን አስቀምጣ በጣቷ ቀጠለች። አረሙን ነቀለች፣ የላላውን አፈር መልሳ አስታቀፈችው።

ለቁፋሮ ሲሆን ተክሉ ይነሳል። ኩትኮታ ግን ለተክሉ ሲባል ነው። ልጅን «ኮትኩቶ አሳደገ» የምንለውም ለዚህ ነው።

ወደ በለሷ እንመለስ። 3 ዓመት ፍሬ የለም፤ ባለቤቱ ቁረጣት አለ። ሠራተኛው 1 ዓመት ለመነላት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ኩትኮታ፣ ከዚያ ፋንድያ። በደነደነ አፈር ላይ የተደፋ ፋንድያ ዝናብ ሲመጣ ተጠርጎ ይሄዳል። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጸልየው ለፋንድያው ነው። መኮትኮቻው ሲነካን «ጌታ ሆይ፣ ምን በደልኩ?» እንላለን። ሥራ ሲናወጥ፣ የለመድነው ነገር ከሥሮቻችን ዙሪያ ሲላላ፣ የተተውን ይመስለናል።

ኢሳይያስ 5፥6ን አንብቡት። እግዚአብሔር በወይን ቦታው ሲቆጣ ያስፈራራው በመኮትኮቻ አይደለም። ከእንግዲህ አይገረዝም፣ አይኮተኮትም ነው ያለው። ዝም ብሎ እሾህ ያብቅል።

በለሷ በዓመቱ አፈራች ወይስ ተቆረጠች? ጌታ አልነገረንም። ታሪኩ የሚያልቀው ሠራተኛው ገና እየለመነላት ሳለ ነው።