ሃሽታግ ምንድን ነው? ያገኙትን ለሚደረድሩ ፎቶ ቤቶች

የደሴና የኮምቦልቻ ፎቶ ቤቶችን የኢንስታግራም ገጽ ከፍቶ ላየ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ፎቶው ያምራል፣ ሙሽሮቹ በቅጡ ቆመዋል፣ ብርሃኑ ተለክቷል። ከሥሩ ግን #ፍቅር፣ #ውበት፣ #ሐበሻ፣ #ኢትዮጵያ፣ #ፎቶ እያለ የሃሽታግ መዓት ይወርዳል። የሥራው ዓይነት አልተጻፈም፣ ከተማው አልተጻፈም፣ የሚደወልበት ስልክ የለም።

ይህንኑ እንደ ሙያ የሚያስተምሩም መጥተዋል። አንድ አስተያየት ሰጪ «ሃሽታግ ነጻ ማስታወቂያ ነው፤ ባበዛችሁት ቁጥር ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል» ብሎ ጻፈ፤ ጽሑፉም ከፎቶ ቤት ፎቶ ቤት ዞረ። ሃሽታግ ፎቶን ማንም ጋ አያደርስም። ገንዘብ ተከፍሎበት ፖስት የሚያሠራጭ ቁልፍ ለብቻው አለ፤ ቡስት ይባላል። ሁለቱን ማምታታት ደረሰኝን ከገንዘቡ ማምታታት ነው።

ሃሽታግ ፖስቱ የት እንደሚመደብ የሚናገር ምልክት ነው። # ተደርጎበት የተጻፈ ቃል ሲነካ ወይም ሲፈለግ ያንኑ ቃል የያዙ ፖስቶች አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ሥራው ይኸው ነው። ክሪስ መሲና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ትዊተር ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብም የጠየቀው ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ ሰዎችን በዚህ ምልክት ብናሰባስብስ ብሎ ነበር። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ተቀበለው። በመሀል ማን ማስታወቂያ እንዳደረገው እንጃ።

የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ግመል ፈላጊ ግመሉ ወደሚቆምበት ተራ ያቀናል፤ ፍየል ፈላጊ ወደ ፍየል ተራ፤ እህል ሸማች ወደ እህሉ። ተራው ገዢ አይጠራም። ገዢው በልቡ የያዘውን ይዞ ሲመጣ የት እንደሚያገኘው ብቻ ነው የሚነግረው። ሃሽታግ ተራ ነው። ፍየሉን ጎትቶ ግመል ተራ የቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ ይታያል፤ አመሻሽ ላይ ግን ፍየሉን ይዞ ይመለሳል። የሙሽራ ፎቶ #ፍቅር ላይ ሲቆምም እንደዚያ ነው። #ፍቅር ብሎ የሚፈልግ ሰው ግጥም ያምረዋል፣ ዘፈን ያምረዋል። ጥር ላይ ኮምቦልቻ መጥቶ ሠርግ የሚያነሳለት ሰው የሚፈልግ እንዲያ ብሎ አይጽፍም።

ተራው በሰፋ ቁጥርም ሻጩ ይሰወራል። #ኢትዮጵያ ላይ የዋለ ፎቶ ከፖለቲካው፣ ከእግር ኳሱና ከምግቡ መሀል ገብቶ ወዲያው ይቀበራል። #ደሴ ላይ የተለጠፈው ግን ለቀናት ከፊት ሊቆይ ይችላል፤ የሚመጡትም ጥቂት ቢሆኑ ስለ ደሴ ጉዳይ ያላቸው ናቸው።

«ታዲያ ሰው ጋ የሚያደርሰው ማነው?» ቢባል፣ ገበያ ላይ ደላላ አለ። እዚህም አለ፤ ፖስቱ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው፣ አልጎሪዝም የሚሉት ፕሮግራም ነው። ደላላ ከብቱን ሲያገናኝ የቆመበትን ተራ ብቻ አያይም፤ ጥርሱን ከፍቶ ያያል፣ ጎኑን ይደባብሳል። ይኛውም ፎቶው ላይ ስንት ሰው ቆሞ እንዳየ፣ ስንቱ ሴቭ እንዳደረገው፣ ስንቱ ለእህቱ ወይም ለጓደኛው እንደላከው ይቆጥራል። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ ሃሽታግ እይታን እምብዛም እንደማይጨምር ደጋግመው የተናገሩት ለዚህ ነው። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ጣሪያው ገና 30 ሳለ፣ ከ3 እስከ 5 ይበቃል ብሎ መክሯል፤ በ2025 መጨረሻ ጣሪያውንም 5 አድርጎታል። በመሀሉ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024፣ ሃሽታግን ፎሎው ማድረግ የሚባለውን ነገር ጨርሶ አነሳው። ተራው ላይ ቁጭ ብለው ዕቃ እስኪመጣ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ ካልንም፣ ከዚያ ወዲህ የሉም።

አስተያየት ሰጪው እዚህ ጋ «ፍየል አንድ ተራ ነው የሚቆመው፤ ፎቶ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ተራ ላይ መቆም ይችላል» ማለቱ አይቀርም። ይችላል። ጥያቄው ደላላው ምን ይላል ነው። በግመል ተራም፣ በቅቤ ተራም፣ በከሰል ተራም የታየ ፍየል ለማን እንደሚሸጥ አይታወቅም። ፎቶው ሠርግ ይሁን፣ ጉብኝት ይሁን፣ የሜካፕ ሥራ ይሁን በተምታታ ቁጥር ለማን እንደሚታይ መወሰን ይከብዳል።

ስለዚህ ሃሽታግ ሲመረጥ ፈላጊው በጣቱ ምን ብሎ ይጽፋል ነው መባል ያለበት። ሥራው ምንድን ነው፣ የት ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ አብዛኛው አለቀ። ኮምቦልቻ ላይ ለተነሳ ኒካህ #ኒካህ፣ #ኮምቦልቻ፣ #የሠርግ_ፎቶ_ደሴ ይበቃሉ። ላሊበላ ላይ ለሚሠራና ደንበኛው ጎብኚ ለሆነ ፎቶ አንሺ #ላሊበላ ትክክለኛ ተራው ነው፤ ለገና የቤዛ ኩሉን ሥርዓት ለማየት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው በዚህ ስም ነው። ሐይቅ ዳር የተነሳ ሙሽራ ላይ #ላሊበላ መለጠፍ ግን ውሸት ነው፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነቃል።

በጣም የሚያናድደውና ማንም የማያነሳው ጉዳይ ፊደል ነው። ሠርግ በንጉሡ ሠ እና ሰርግ በእሳቱ ሰ ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያየ ኮድ ያላቸው ሁለት ፊደላት ስለሆኑ #ሠርግ እና #ሰርግ ሁለት ተራዎች ናቸው፤ አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ ላይወጣ ይችላል። ሐይቅ ደግሞ ይብሳል፦ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ እየተባለ ይጻፋል። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ለሰዋስው መምህራን ተዉት። ስልካችሁ ላይ ሁሉንም እያስገባችሁ ፈልጉ፤ የአካባቢው ሰው የትኛው ላይ እንዳለ በደቂቃ ታዩታላችሁ። ብዙ ሰው ጣቱ የሚቀለውን ሰ ስለሚጽፍ፣ ካፕሽኑ (ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ) ውስጥ ሠርግን በሠ ጽፋችሁ ሃሽታጉን በሰ ብታደርጉ ሁለቱንም ይዛችኋል።

በላቲን ፊደልም ያው ነው። የወሎ ሠርግ ወጪ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጅዳና ከዱባይ ነው፤ ፎቶ አንሺውንም እዚያ ሆና የምትመርጠው የሙሽራዋ እህት ናት። ስልኳ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል። ደሴን በላቲን በአንድ ኤስ የሚጽፍ አለ፣ በሁለት ኤስ የሚጽፍ አለ፣ ከመጨረሻው ኢ በፊት አይ የሚያስገባም አለ። ወሎንም ከደብልዩ ቀጥሎ ኦ የሚያስገባ እንዳለ ሁሉ ኢ የሚያስገባ አለ። ከአምስቱ ሃሽታግ አንዱን ለላቲኑ ስጡት፣ ሁለት ኤስና አይ ያለበትን (Dessie) መርጣችሁ፤ በካርታና በሆቴል ስም ላይ የተለመደው እሱ ነው።

አጻጻፉ ላይ የሚበላሸው ደግሞ ይኸው ነው። ክፍት ቦታ ሃሽታጉን ይቆርጠዋል፤ #ደሴ ፎቶ ብሎ የጻፈ ሰው #ደሴ ብቻ ነው ያለው። ነጥብ፣ ጭረትና አራት ነጥብም ይቆርጡታል፤ የሚያያይዘው የታችኛው ሰረዝ ብቻ ነው። ቁጥር ብቻውን የሥራውን ዓይነት አይናገርም፤ ከ #2018 ይልቅ #ሠርግ2018 ይሻላል። ቦታውን በተመለከተ ኢንስታግራም ራሱ ካፕሽኑ ውስጥ እንጂ ኮሜንት ላይ አታድርጉት ብሏል። አካውንቱ ፕራይቬት ከሆነ ደግሞ ከተከታዮቹ ውጪ በሃሽታግ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። «ሃሽታግ ሠርቶልኝ አያውቅም» ከሚሉት አንዳንዱ ገጹ እንደተቆለፈ አያውቅም።

ከሃሽታግ በፊት መስተካከል ያለበት ፕሮፋይሉ ላይ ስም የሚጻፍበት ሳጥን ነው። ከዩዘርኔሙ ሌላ ማለት ነው። ሰው ሲፈልግ እዚህ ሳጥን ውስጥ ያለው ቃልም ይፈለጋል። «አቢሲኒያ ሮያል ቪዥን» ብሎ ከመጻፍ ከስሙ ቀጥሎ «የሠርግ ፎቶ ደሴ» ቢገባበት ከሃያ ሃሽታግ ይሻላል። አስባችሁ ጻፉት፤ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ መቀየር አይቻልም። የካፕሽኑም የመጀመሪያ መስመር እንደዚያው፦ ምን፣ የት፣ ስልክ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ፋይሉ ላይ ያስገባችሁት ኪወርድ ለራሳችሁ ማኅደር ይጠቅማል እንጂ ኢንስታግራም ላይ ሃሽታግ ሆኖ አይወጣም።

ጊዜውም አለ። በጾመ ነቢያት፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ የክርስቲያን ሠርግ የለም፤ ፎቶ ቤቱም ሥራ የለም ብሎ ገጹን ይተወዋል። የጥር ሙሽሮች ግን ፎቶ አንሺ የሚያፈላልጉት ያኔ ነው። በዐቢይ ጾም ለሚያዝያና ለግንቦት፣ በረመዳን ደግሞ ከዒድ በኋላ ለሚደረገው ኒካህ እንዲሁ ነው። የአምናው ሥራ #ደሴ ሥር ተቀብሯል፤ ያልተለጠፉትን ሦስት አራት ፎቶዎች በየሳምንቱ በዚያ ጊዜ ማውጣት በጥር ከመንጋጋት ይበልጣል።

ደላላው ጥርስ ያያል ተብሏልና አንድ ነገር ሳይጠየቅ ይጨመር። ፎቶ አዶቤ አርጂቢ በሚባለው የቀለም ዓይነት ወጥቶ ሲጫን ስልክ ላይ የካባው ቀይ ይደበዝዛል፣ ቆዳም አመድ ይመስላል። ኤክስፖርት ሲደረግ የቀለሙ ዓይነት ኤስአርጂቢ፣ ወርዱ 1080፣ ቁመቱ 1350 ፒክስል ይሁን። ገጹ ላይ ፎቶዎች የሚደረደሩት አሁን በካሬ ሳይሆን በቁመት ነው፤ በአግድም የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ጎንና ጎኑ ይቆረጥና የሙሽራው አጎት ከግማሽ ይቀራል። የክረምት የደሴ ጉም ውስጥ የተነሳ ፎቶ ላይ ደግሞ ኮንትራስት (የብርሃኑንና የጥላውን ልዩነት) አታብዙ፤ ሲጫንበት ሰማዩ ይሰነጣጠቃል፣ ሲጨመቅ ይብሳል።

ሌላው ፈቃድ ነው። ሃሽታግ ፎቶውን ያልተጋበዘ ሰው እንዲያገኘው ያደርጋል፤ የሃሽታግ ሙሉ ጥቅምም ሙሉ ጉዳትም ይኸው ነው። ኒካህ ላይ ሴቶች በራሳቸው ክፍል ተፈትተው ሲጫወቱ የተነሳ ፎቶ ለአልበም ተፈቅዶ ለገጽ ሳይፈቀድ ሊቀር ይችላል። ቀብድ ሲቀበሉ ደረሰኙ ላይ «ገጽ ላይ ይለጠፍ፦ አዎ / አይሆንም / ሙሽሮቹ ብቻ» የሚል መስመር ማስገባት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሙሽራው እሺ ስላለ እንግዳዋ እሺ ብላለች ማለት አይደለም። የልጆች ፎቶ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤት ስም ሃሽታግ አይደረግም፤ አይደረግም።

ፒንተረስት ላይ ይህ ሁሉ ጫጫታ ያንሳል፤ እዚያ ፈላጊው የሚያገኘው በርዕሱና በመግለጫው ቃላት ነው፣ ፎቶውም 1000 በ1500 ሆኖ በቁመት ቢወጣ ይመረጣል። ለወሎ ሙሽራ ግን ዋናው ገበያ እዚያ አይደለም።

ዋናው ቴሌግራም ነው፤ የሚገርመውም ሃሽታግ በትክክል የሚሠራበት ቦታ እሱ ሆኖ ሳለ ማንም አይጠቀምበትም። ቻናል ላይ አንድ ሃሽታግ ሲነካ እዚያው ቻናል ውስጥ ያሉት ተመሳሳዮቹ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ #ኒካህ፣ #መልስ፣ #ምርቃት፣ #ክርስትና፣ #ልደት፣ #ዋጋ የሚሉ ስድስት ቃላት ወስናችሁ እያንዳንዱን ፖስት ከአንዱ ጋር አስሩት፤ ስድስቱንም በአንድ መልእክት ጽፋችሁ ፒን አድርጉት። የሙሽራዋ እናት መልስ የሚለውን ነክታ የመልስ ሥራዎችን ብቻ ታያለች። ናሙናውን እንደ ፎቶ ላኩት፣ ቶሎ ይከፈታልና፤ ለደንበኛ የሚረከበውን ግን እንደ ፋይል ላኩ፣ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርስና ለአልበም ሲታተም ይበጣጠሳል። ቃላቱን ከወሰናችሁ በኋላ አትቀያይሩ፤ አንዱን ሳምንት #ምርቃት፣ ሌላውን #ምረቃ ካላችሁ ግማሹ ሥራችሁ ለሚፈልገው ሰው አይወጣም። የቆየውን ፖስት ደግሞ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ኤዲት ብላችሁ ቃሉን ብታርሙት ከዚያው ከነእይታው ይቆያል።