ኤልፍ ዝርያ ነው ወይስ ክላስ?

ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተገናኘነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ልንጫወት ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ምናባዊ ገጸ ባሕሪ ሆኖ የሚጫወትበት ጨዋታ ነው። ዳይሱ ሳይወረወር ዓሣው ቀዘቀዘ። አንዱ «ኤልፍ (ጆሮው የሾለ የተረት ፍጡር) ክላስ ነው» ይላል፣ ሌላው «ዝርያ ነው፣ ክላስ ገና ትመርጣለህ» ይላል። ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የተለያየው ያነበባችሁት የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ ነው።

ክላስ የገጸ ባሕሪህ ሙያ ነው በሉት፤ ዝርያ ደግሞ የተወለደበት ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሦስት ብቻ ነበሩት፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ክሌሪክ (ካህን መሰል)። ሌባው በ1975 ተጨመረ።

በ1981ዱ የጀማሪዎች መጽሐፍ ኤልፍ ራሱ ክላስ ነው። ኤልፍ ካልክ አለቀ። ሰይፍም ይመዛል፣ አስማትም ይሠራል። በነፃ ግን አይደለም! ተዋጊ 2ኛ ደረጃ ለመግባት 2,000 የልምድ ነጥብ ሲበቃው ኤልፍ 4,000 ይፈልጋል። ከ10ኛ ደረጃም አያልፍም።

በ1978 የወጣው «አድቫንስድ» የሚባለው ደግሞ ዝርያና ክላስን ለየብቻ ያስመርጣል። ቢሆንም ድዋርፍ (አጭር፣ ጠንካራ የተረት ፍጡር) አስማተኛ መሆን አይችልም ነበር። ይሄ ክልከላ የተነሳው በ2000 በ3ኛው እትም ነው። («ዘር» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ለኛ ሌላ ነገር ያስታውሳል። የጨዋታው አሳታሚዎችም በ2024 የእንግሊዝኛውን «race» የሚለውን ቃል ቀይረውታል።)

እስካሁን ያልኩት መጽሐፉ ላይ ያለ ነው። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚለያየው የጨዋታ መሪው የሚያላላው ወይም የሚያጠብቀው ነው። እኛ ጋ የሚሠራው የ1981ዱ ነው፤ ወረቀቱ በአምስት ደቂቃ ስለሚሞላ እኔም እወደዋለሁ። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ኤልፍ የመረጠ ሰው ሌላ ክላስ አይጠይቅ።