ወፍና የጓሮ ዓሣ ኩሬ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የለቀቀ ሰው ከመኖና ከውሃ ቀጥሎ የሚያሳስበው ወፍ ነው። ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ አንዱ ማስፈራሪያ አቁም ይላል፣ ሌላው ጥላ መረብ ዘርጋበት፣ ሦስተኛው ወንጭፍ አንሳ። አብዛኛው ምክር የሚስተው ወፉን ሁሉ አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። ሽመላ በእግሩ ገብቶ ይወጋል፣ ኪንግፊሸር ከአየር ይወረወራል፣ ኮርሞራንት ውሃ ውስጥ ጠልቆ ያሳድዳል። አንዱን የሚያግደው ሌላውን ላያግድ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች 4 በ8 ሜትር ለሆነ የቤተሰብ ኩሬ የተሰሉ ናቸው።

“ዓሣው ከጎደለ ወፍ በልቶት ነው”

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሽመላ ኩሬው ዳር ቆሞ ማየት በቂ ማስረጃ ይመስላል። ሽመላው የመጣው ግን ዓሣው አፉን ከውሃ አውጥቶ አየር ሲምግ አይቶ ሊሆን ይችላል። ፍግ ወይም መኖ ሲበዛ ውሃው ከመጠን በላይ አረንጓዴ ይሆናል፤ አልጌውም ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲጠቀም ያድርና ጎህ ሲቀድ ለዓሣው የሚቀረው ትንሽ ነው። የደከመው ዓሣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወፍ ይለቅመዋል። በእንዲህ ያለ ኩሬ ላይ መረብ ብትዘረጉም ዓሣው መሞቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ ወፍ አለመብላቱ ብቻ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ መዳፋችሁን እያያችሁ ወደ ውሃው አስገቡ። ውሃው ክርናችሁ ጋ ሲደርስ መዳፋችሁ ከዓይን የሚሰወር ከሆነ ልክ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ከጠፋ ፍግ መጨመር አቁሙ፣ መኖ ቀንሱ፣ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ።

ሌሎች ተጠርጣሪዎችም አሉ። የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦው ላይ ወንፊት ከሌለ በክረምት የዓሣው ጫጩት ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። ከቆሮሶ ጋር የተለቀቀ ትልቅ አምባዛ ጫጩት ይበላል፤ እንዲያውም ቆሮሶ ከልክ በላይ እንዳይራባ ሆን ተብሎ የሚጨመረው ለዚሁ ነው። ወፍ ከሆነ ግን ምልክት ይተዋል። ጀርባው ላይ ጠለቅ ያለ የመውጊያ ቀዳዳ ያለው ዓሣ ከሽመላ ያመለጠ ነው። ጎኑ ላይ የመቧጨር ምልክት ካለ ኮርሞራንትን ጠርጥሩ፤ ምንቃሩ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ኪንግፊሸር ምንም አይተውም፤ ጫጩቱ ብቻ በየቀኑ ይቀንሳል።

“ውሃው ጥልቅ ከሆነ ሽመላ አይደርስበትም”

ጥልቀት ብቻውን አይበቃም፤ የሚወስነው የዳሩ ተዳፋት ነው። ግራጫ ሽመላ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድናል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የሚታየው ጎልያድ ሽመላ ደግሞ ቁመቱ ወደ 1.5 ሜትር ስለሚጠጋ ከዚያም አልፎ ይገባል።

እንግዲህ እናስላ። የአፈር ኩሬ ዳሩ እንዳይናድ ብዙውን ጊዜ 1 ለ2 ተዳፋት ይሰጠዋል፤ ማለትም በየ1 ሜትር ጥልቀት 2 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃው 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የሚያገኘው ከዳሩ 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው። ከ4 በ8 ሜትሩ በየጎኑ 80 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ 2.4 በ6.4 ሜትር ይቀራል፣ ይህም 15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከ32 ካሬ ሜትሩ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ለሽመላ መቆሚያ ሆነ ማለት ነው፤ መሃሉ 1 ሜትር ቢጠልቅም ይህ አይለወጥም። በበጋ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ይብሳል።

ኩሬው ገና ካልተቆፈረ የላይኛውን 60 ሴንቲ ሜትር በድንጋይ ወይም በብሎኬት ቀጥ አድርጎ መገንባት ችግሩን ከሥሩ ያቀለዋል። የአፈር ኩሬን ግን ሽመላን እከለክላለሁ ብሎ ቀጥ አድርጎ መቆፈር ስህተት ነው፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ዳሩን ይዞት ይወርዳል። ለእንዲህ ያለው ኩሬ ገመድ ይሻላል። ሽመላ ብዙ ጊዜ ውሃው ላይ አያርፍም፤ አጠገቡ ሜዳ ላይ ያርፍና በእግሩ ይገባል። ስለዚህ ዙሪያውን በየ2 ሜትሩ ችካል ተክላችሁ ሁለት ገመድ ወጥሩ፤ አንዱን ከመሬት 20፣ ሁለተኛውን 35 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ። ገመዱ በዓይን የሚታይ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ይሁን። የማይታይ የመንጠቆ ክር ወፍ ይሰብራል፣ የሰው ልጅም ይጥላል።

ዳሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ከሆነ እንቁራሪት ከገባች መውጫ ታጣለች። አንድ ጥግ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መወጣጫ በድንጋይ ሥሩላት፤ ወባ ትንኝ የምትለቅምላችሁ እሷ ናት።

“ማስፈራሪያ ቢቆም ይበቃል”

ለጥቂት ቀናት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ወፉ ማስፈራሪያው ራስ ላይ አርፎ ኩሬውን ሲቃኝ ታገኙታላችሁ፤ ለኪንግፊሸርማ መቀመጫ ሠራችሁለት ማለት ነው። የሚብለጨለጭ ሲዲ፣ በንፋስ የሚያፏጭ የካሴት ክር፣ የፕላስቲክ ንስር፣ ሁሉም ዕጣቸው አንድ ነው። ማሽላ ጠባቂ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው እኮ ገለባ ሰው ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚያውቅ ነው። ማስፈራሪያ የሚጠቅመው መረቡ እስኪዘረጋ ወይም ጫጩት በተለቀቀበት ሳምንት ነው፤ ያኔም በየ2 እና 3 ቀኑ ቦታውን መቀየር ያስፈልጋል።

“ማንኛውም ያረጀ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ይሆናል”

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ቀጭኑ የማጥመጃ መረብ የተሠራው ሳይታይ እንዲይዝ ነው፤ ከኩሬ በላይ ሲዘረጋም ሥራውን አይረሳም። ወፍ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት ይጠላለፉበታል። ረግቦ ውሃው ላይ ከተኛ ደግሞ ሽመላው ላዩ ላይ ቆሞ ይጫነውና በቀዳዳው ውስጥ ይወጋል።

የሚያስፈልገው ወፈር ካለ ክር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ፀሐይ ቶሎ የማያደርቀው መረብ ነው። ለሽመላና ለኮርሞራንት የመረቡ ዓይን 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ኪንግፊሸር ካለ ግን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ትንሿ ባለ ሰማያዊ ጀርባ ኪንግፊሸር ከጥቁርና ነጩ ዘመዷ በጣም ስለምታንስ ሰፊው ዓይን አያግዳትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከኩሬው ዳር 50 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብላችሁ 5 በ9 ሜትር መስመር አስምሩ። በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች 5፣ 5 የባህር ዛፍ አጣና በእኩል ርቀት ትከሉ፤ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ሆኖ 50 ሴንቲ ሜትሩ ይቀበር። በሁለቱ አጫጭር ጎኖች መሃል አንዳንድ ባለ 2 ሜትር አጣና ትከሉ፤ 60 ሴንቲ ሜትሩ ይቀበርና ከመሬት 1.4 ሜትር ይቁም። በእነዚህ በሁለቱ ረጃጅሞች ጫፍ መካከል ሽቦ ወጥሩ፤ የጣሪያው አናት ይህ ነው። ቀሪዎቹን አጣናዎች በየጎናቸውና ከትይዩአቸው ጋር በሽቦ እሰሩ፤ ትይዩ ካልታሰሩ መረቡ ሲወጠር ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ። ለሁሉም 60 ሜትር ሽቦ ይበቃል። መረቡ 8 በ13 ሜትር ሲሆን ጎኖቹን ሸፍኖ መሬት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ትርፉን በየ50 ሴንቲ ሜትሩ በችካል ወይም በድንጋይ ያዙት፤ ክፍት የቀረ ጫፍ ካለ ሽመላ አጎንብሶ ይገባል፣ ገብቶም መውጫው ይጠፋዋል። ለእንቁራሪት መተላለፊያ በሁለት ቦታ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቆርጣችሁ ከመረቡ ሥር አስተኙ።

ጣሪያው መሃሉ ከፍ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በደጋው አገር የክረምት በረዶ ጠፍጣፋ መረብ ላይ ይከማችና ሽቦውን ሳይቀር ይዞ ይወርዳል። የባህር ዛፍ ቅጠልም እንዲሁ፤ በየሳምንቱ አራግፉት። ሲወጠር ደግሞ በመዳፍ ሲጫኑት እንደ ከበሮ መልሶ የሚገፋ ይሁን።

“ሼድ ኔት (ጥላ መረብ) ከወፍም ከፀሐይም ይጠብቃል”

ከወፍ ይጠብቃል፣ ዓሣውን ግን ያስርበዋል። በፍግ የሚመገብ ኩሬ ምግቡ አረንጓዴው ውሃ ነው፤ ብርሃን ከተከለከለ አልጌው ይቀንሳል፣ ቀን ላይ የሚያመርተው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። ለችግኝ የተሠራውን ለችግኝ ተዉት።

“እምቦጭ ለዓሣው መደበቂያ ይሆናል”

በጭራሽ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያደረገውን አገር ያውቃል፤ 32 ካሬ ሜትር ለእሱ ምንም አይደለም። ውሃውን ይሸፍናል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅን ያሟጥጣል፣ በጎርፍ ወደ ወንዝ ይወጣል። መደበቂያ ከፈለጋችሁ የቅርንጫፍ እስር፣ ጫፉ የተከፈተ 60 ሴንቲ ሜትር የቱቦ ቁራጭ ወይም የተሰበረ እንስራ ጥልቁ በኩል አስቀምጡ። ቅርንጫፉን በገመድ እሰሩት፤ ዓሣ በመረብ የምታወጡ ቀን ጎትታችሁ ካላወጣችሁት መረቡን ይቀደዋል።

“ነጭ ወይም ትልቅ ወፍ ሁሉ ዓሣ በል ነው”

ከብት ተከትሎ የሚሄደው አጭር አንገት፣ ቢጫ ምንቃር ያለው ነጭ ወፍ የሚለቅመው በአብዛኛው አንበጣና ሌላ ነፍሳት ነው። መጠርጠር ያለበት ጥቁር ምንቃርና ጥቁር እግር ሆኖ ጣቶቹ ብቻ ቢጫ የሆኑት ነው። ከአገጩ ሥጋ የሚንጠለጠልለትና በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው ጋጋኖም ሣሩን የሚወጋጋው ትልና እጭ ፍለጋ ነው፤ ኃጢአቱ ጫጫታው ብቻ ነው። ፔሊካን ለመነሳት ውሃው ላይ መንደርደር ስለሚያስፈልገው በዚህ ስፋት ኩሬ ላይ አያርፍም። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የሚሰለፈው ማራቡ የሚመጣው ለሆድ ዕቃ ነው። እናንተም ዓሣ አጥባችሁ የሆድ ዕቃውን ኩሬው አጠገብ አትጣሉ፣ ቅበሩት።

“አንድ ሁለቱን መግደል ያስተምራቸዋል”

የሞተ ወፍ ምንም አይማርም፤ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓ የሚመጡት ይጨመራሉ። መርዝ ከሆነ የሚገባው ውሃው ውስጥ፣ ከዚያም ምግባችሁ ውስጥ ነው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ መሆኑም መታወስ አለበት።

“ዓሣው ካደገ አያሰጋም”

ኪንግፊሸርን በተመለከተ እውነት ነው፤ መዋጥ የማይችለውን አይነካም። ሽመላ ግን መዋጥ የማይችለውንም ይወጋል፣ ቁስሉ ላይም ሻጋታ ይበቅላል። ዓሣው ወደ ዳር እንዳይለምድ መኖ ሁልጊዜ ጥልቁ በኩል ስጡ፤ ሽመላ ከሚበረታበት ማለዳና ማታ ይልቅ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን።

አደገኞቹ ቀናት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ጫጩት የሚለቀቅበት ነው። በካሬ ሜትር 2 ሲሰላ ለ32 ካሬ ሜትር 64 ጫጩት ይገባል፤ አንድ ኪንግፊሸር በቀን 3 ብቻ ቢወስድ በሦስት ሳምንት ያልቃሉ። መረቡ ከጫጩቱ በፊት ይዘርጋ እንጂ በኋላ አይሁን። ሁለተኛው ዓሣ ለማውጣት ውሃ የሚቀነስበት ቀን ነው። ማታ አጎድሎ ጠዋት ለመሰብሰብ ማሰብ ለሽመላ ድግስ መደገስ ነው። ማለዳ አስጀምራችሁ በዚያው ቀን ጨርሱ፤ መረቡንም ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ከገቡ በኋላ አንሱት።