የብሎክ ድልድል ምንድን ነው?

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ በጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባሉ የኅትመት ቤቶች ፍላሽ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይዞራል። አንዱ ኮምፒውተር ድንገት «ፍላሹን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» ይላል፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ተማሪው ተጨንቋል፣ እሺ ብሎ ይጫናል። አይጫን! ምክንያቱ የሚገባው ፋይል ዲስክ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ሲታወቅ ነው።

የፋይል ስርዓት፣ ማለትም ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው የሶፍትዌር ክፍል፣ ዲስክን የሚያየው ተራ ቁጥር እንደተሰጣቸው እኩል ክፍሎች አድርጎ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ብሎክ ይባላል፤ በዊንዶውስ ደግሞ ክላስተር። የተለመደው መጠን 4,096 ባይት ነው። አንድ ብሎክ በአብዛኛው ለሁለት ፋይሎች አይከፈልም፤ ስለዚህ 100 ባይት ብቻ ያለው ማስታወሻ እንኳን ሙሉ ብሎክ ይይዛል። የፋይሉ ትክክለኛ መጠንና በዲስክ ላይ የያዘው ቦታ የሚለያዩት በዚህ የተነሳ ነው።

የትኛው ብሎክ ለየትኛው ፋይል እንደተሰጠ የመወሰንና የመመዝገብ ሥራ የብሎክ ድልድል ነው። ቀላሉ መንገድ ለፋይሉ ተከታታይ ብሎኮችን መስጠት ነው። ንባቡ ፈጣን ይሆናል፤ ነገር ግን ፋይሉ ሲያድግ ከጎኑ ያለው ብሎክ ተይዞ ሊገኝ ይችላል። አንዴ ተጽፎ ለማይለወጥ ሲዲ ግን ተስማሚ ነው።

በ1977 በማይክሮሶፍት የተጀመረው ፋት የተባለው የፋይል ስርዓት ችግሩን በሰንሰለት ፈታው። ማውጫው (የፋይሎቹ ዝርዝር) የፋይሉን ስም፣ መጠንና የመጀመሪያውን ብሎክ ቁጥር ይይዛል፤ ቀሪውን ከእያንዳንዱ ብሎክ ቀጥሎ የሚመጣውን ብሎክ የሚመዘግበው ሠንጠረዥ ይናገራል። ፋይሉ ከ57 ቢጀምር፣ በሠንጠረዡ 57 ላይ 58፣ 58 ላይ 112 ይጻፋል፤ 112 ላይ ደግሞ የማብቂያ ምልክት። ጽሑፉ በፈለገው ቦታ ቢበታተንም ሰንሰለቱ ይሰበስበዋል። ብዙ ፍላሾች ዛሬም በፋት 32 ወይም በታናሽ ወንድሙ በኤክስፋት ይሠራሉ።

ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና የመረጠው ለእያንዳንዱ ፋይል የራሱን መዝገብ መስጠት ነው፤ አይኖድ ይባላል። ኤክስት 2 በተባለው የሊኑክስ የፋይል ስርዓት አይኖዱ የመጀመሪያዎቹን 12 ብሎኮች ቁጥር ራሱ ይይዛል፤ ፋይሉ ከዚያ ካለፈ ቁጥሮች ብቻ ወደተጻፉበት ሌላ ብሎክ ይመራል። ኋላ የመጣው ኤክስት 4 ደግሞ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይልቅ «ከ5,000 ጀምሮ 300 ብሎክ» ብሎ በአንድ መስመር ይመዘግባል።

አሁን ወደ ፍላሹ። በፋት ፋይል ሲሰረዝ ብሎኮቹ አይጠፉም። በማውጫው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በመሰረዣ ምልክት ይተካል፣ የሰንሰለቱ ቁጥሮች ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። መነሻ ብሎኩና መጠኑ ግን ይቀራሉ። ፋይሉ በተከታታይ ብሎኮች ላይ ከነበረ የማዳኛ ፕሮግራም ከመነሻው ቆጥሮ ያወጣዋል፤ ተበታትኖ ከነበረ የሚቀጥለውን ብሎክ የሚያመለክት ነገር የለም። ፈጣን ፎርማት ደግሞ ሠንጠረዡንም ዋናውን ማውጫም ባዶ ያደርጋል፤ የጽሑፉ ብሎኮች ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው በቦታቸው ናቸው።

ኮምፒውተሩ ፎርማት የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ መዝገቡን ማንበብ ሲያቅተው ነው፤ ጽሑፉ ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን አልቀበልም ማለት፣ ፍላሹን መንቀል፣ ምንም አለመጻፍ፣ የተገኘውንም ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይገባል። በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው የኮምፒውተር ዲስክ) ላይ ግን ተስፋው ጠባብ ነው፤ ስርዓተ ክወናው የተለቀቁትን ብሎኮች ለዲስኩ ስለሚያሳውቀው ዲስኩ ራሱ ያጸዳቸዋል።