«በሬ ክፍት ነው» የሚል አለቃና ዝም የሚል ሠራተኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ድሮ የምትታወቀው በብርዷና በብርድ ልብሷ ነበር። አሁን ቢራው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች ባለሀብቱም ይመጣል። ፋብሪካ ሲበዛ አለቃ ይበዛል፣ አለቃ ሲበዛ ደግሞ የአመራር ሥልጠና ይበዛል። «ሠራተኛውን አሳትፉ፣ ሥልጣን አካፍሉ» የማይል ሥልጠና የለም። አለቆቹ ከሥልጠናው ሲመለሱ ግን ነገሩ እንደነበረ ነው፤ ከሥር ያለውን አስተሳሰብ ማንም አልነካውማ። እስቲ በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማውን እየነቀስን እንየው።

«የእኛ ሰው ጨዋ ነው፣ አይናገርም»

ይህን የሚሉት አለቆች ብቻ አይደሉም፤ እኛም እንለዋለን። የሸዋ ሰው ሆዱ አይገኝም፣ ቢከፋውም «ደህና ነኝ» ይላል እንባባላለን። እውነት ይመስላል፣ እሁድ እድር ስብሰባ ላይ እስክትገኙ ድረስ። ፋብሪካው ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ እስክሪብቶ ሲያሽከረክር የሚውለው ሰውዬ፣ እድሩ ላይ የድንኳን ኪራዩ ሒሳብ ለምን ጎደለ ብሎ ገንዘብ ያዡን አፋጦ ይይዛል። ዳኛው «ይበቃል» ቢለው «አይበቃም፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብልኝ» ይላል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ ያው ሰው ዝም።

ሰውየው አልተቀየረም፣ ቦታው ነው የተቀየረው። እድር ላይ እኩል ያዋጣል። ዳኛውን የመረጠው እሱ ነው። የተናገረው ይመዘገባል፣ ቢናገር ደግሞ እንጀራው አይነካም። መሥሪያ ቤት ቢናገር ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ዝም ቢል ምንም አይጎድልበትም። አስቦበት ነው ዝም የሚለው። ስለዚህ «ሠራተኞቼ ዓይን አፋር ናቸው፣ በራስ መተማመን የሚያሠለጥን ሰው ፈልጉልኝ» የሚል ሥራ አስኪያጅ ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል። መጀመሪያ መናገር የሚያስከፍለውን ዋጋ ይቀንስ።

«በሬ ክፍት ነው፣ የፈለገ ይምጣ»

በሩ ክፍት ይሆናል፣ ግን እዚያ ለመድረስ የቅርብ አለቃን ማለፍ አለ፣ ጸሐፊዋን ማለፍ አለ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ የቆመው ሁሉ «ምን ሊያወራ ገባ?» ማለቱ አለ። የሐሳብ መስጫ ሳጥኑም ያው ነው። ቁልፉ የት እንደገባ የማይታወቅ ሳጥን ስንት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል!

ስብሰባውንም ታውቁታላችሁ። አለቃው አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራል፣ የወሰነውን ይነግረናል፣ ከዚያ ሰዓቱን እያየ «አስተያየት ያለው?» ይላል። ዝም። «እሺ፣ ተስማምተናል ማለት ነው።» ጭብጨባ። ትክክለኛው ስብሰባ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ነው፣ እዚያ ሁሉም ተንታኝ ነው።

ይህን የሚቀይረው ትልቅ ፕሮግራም አይደለም። አለቃው መጨረሻ ላይ ይናገር። ሐሳቡን አስቀድሞ ከነገረን ማን ይቃወመዋል? ጥያቄውም ጠበብ ይበል፤ «አስተያየት አለ?» ከማለት «ይሄን ብንጀምር መጀመሪያ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?» ብሎ በየተራ ይጠይቅ፣ ሲጠይቅም ከአዲስ ገቢው ጀምሮ ወደ ላይ ይውጣ። ሌሊት ምን ሲሆን እንደሚያድር የሚያውቀው በር ላይ ያለው የጥበቃው ጋሼ ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን ማንም ጠርቶት አያውቅም።

ከሁሉም በላይ ግን ነገሩን የሚወስነው የመጀመሪያው መጥፎ ወሬ የመጣ ዕለት የሚሰጠው መልስ ነው። አንዲት የሹራብ ማሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ሱፐርቫይዘሯን «ይሄ ማሽን ድምፁ ተቀይሯል» አለችው እንበል። «አንቺ ደግሞ መካኒክ ሆንሽ?» ካላት አለቀ። ለእሱ ቀልድ ነው፣ ዙሪያውን ያለውም ይስቃል። ግን የዚያ ፈረቃ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቢያጓራም ማንም ትንፍሽ አይልም፤ የቆመ ቀን እርስ በርሳቸው «እኔማ አውቄው ነበር» ይባባላሉ፣ ለእሱ ግን አይነግሩትም። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ነይ አብረን እንስማው» ብሏት ቢሆን ግን፣ ማሽኑ ምንም ሳይኖርበት ቢቀር እንኳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይነግረዋል።

ሌላው የሚረሳው ነገር መልስ መመለስ ነው። ሐሳቡን «በጣም ጥሩ፣ እናየዋለን» ብለው ይቀበላሉ፣ ከዚያ ውሃ በላው። «አይሆንም፣ ዘንድሮ በጀት የለም» ማለትም እኮ መልስ ነው። መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

«ስህተት የማይሰማበት ክፍል ጥሩ ክፍል ነው»

ይሄኛው አደገኛ ነው። የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ገና የዶክትሬት ተማሪ ሳለች፣ በሆስፒታል ቡድኖች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንታ ነበር። እርስ በርሱ የሚግባባ ቡድን ጥቂት ስህተት ይኖረዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ ጥሩ የተባሉት ቡድኖች የተመዘገበ ስህተታቸው በዝቶ ተገኘ። ነገሩን ስታጣራው፣ እነሱ የበለጠ ይሳሳታሉ ለማለት አላስቻለም። የሚሳሳቱትን ሳይፈሩ ያወሩታል፣ ሌሎቹ ግን ይደብቁታል። እና ሪፖርቱ ላይ «ችግር፦ የለም» የሚል ክፍል ስታዩ ከመሸለማችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ እዩ።

ዝምታ ሕይወት የሚያስከፍልበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። አንደኛው አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው ትልቅ ስም የነበረው ሰው ነው፤ ወጥቷል ብሎ አለፈው፣ መሐንዲሱም አልደገመውም። ዛሬ አብራሪዎች ሁሉ የበታቹ እንዴት ደፍሮ እንደሚናገር፣ የበላዩም እንዴት እንደሚሰማ የሚሠለጥኑት ከእንዲህ ዓይነት አደጋዎች በኋላ ነው።

«ሁሉም አለቃ ከሆነ ማን ይሠራል?»

ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን አመራር ማካፈል ማለት ሁሉም በሁሉም ነገር እጁን ያስገባ ማለት አይደለም። የትኛው ውሳኔ የማን እንደሆነ ለይቶ ማስረከብ ነው። የፈረቃ ድልድሉን የፈረቃው ሰዎች ያውጡት፤ ማን ልጅ እንደምታጠባ፣ ማን ከጫጫ በጠዋት ተሳፍሮ እንደሚመጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ትልቁ በጀትና የደህንነት ደንቡ አለቃው ጋ ይቆይ፣ ምንም አይደል።

በየፋብሪካው ካይዘን ካይዘን ይባላል፤ ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች አሠራር ነው። የሥራ ቦታን የማስተካከያ ደንቦቹ፣ አምስቱ «ማ»ዎች፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ካይዘንን ስሙን ባስጠራው ቶዮታ ግን መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ካየ ገመድ ስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ ያሳውቃል፣ ቶሎ ካልተፈታም መስመሩ ይቆማል። አለቃ አያስፈቅድም። እኛ ወረቀቱን ለጠፍን፣ ገመዱን ረሳነው።

ሥራውን ሰጥቶ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍም አለ። «አንተ ነህ ኃላፊው» ይባላል፤ ከዚያ አንዲት አምፖል ለመግዛት ሦስት ፊርማ። ሲሳካ የአለቃው፣ ሲበላሽ የተወካዩ። እንዲህ ያለውን ውክልና ያየ ሰው ሌላ ጊዜ ኃላፊነት ሲሰጡት ሕመም ፈቃድ ቢወስድ አይፈረድበትም።

«ይሄ ፈረንጅ አመጣሽ ነገር ነው»

መንዝ ሂዱ። ከመሐል ሜዳ ራቅ ብሎ ያለው የጓሳ መሬት፣ ዛሬ ጎብኚው ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ የሚሄድበት፣ ለዘመናት የተጠበቀው ቀሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት ነው። ተጠቃሚው የሥርዓቱን ኃላፊ፣ አባ ቀራውን፣ ራሱ ይመርጥ ነበር። ቦታው ይዘጋ ነበር፤ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ማንም ሣር አያጭድም ነበር። ሣሩ ሲደርስ አባ ቀራው ያስታውቅ፣ ሕዝቡም በአንድ ላይ ገብቶ ያጭድ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የአመራር ሥልጠና የወሰደ ሰው አልነበረም።

ወርቅ ነበር እያልኩ አይደለም። ድርሻ የነበረው ቦታውን መጀመሪያ ያቀኑት አባቶች ዘር ነው፣ ሌላው ከደጅ ቀርቷል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ፣ ቦታውም ማንም የሚገባበት ሆኖ ተጎዳ። በኋላ ነው ማኅበረሰቡ በኮሚቴ መልሶ የያዘው። የሚገርመኝ ግን፣ የዚያ ሕዝብ ልጅ ፋብሪካ ሲቀጠር የፈረቃ ተራ እንኳ ማውጣት አይችልም ተብሎ መታሰቡ ነው።

«ልጁ ገና ነው፣ ይማር»

ይማር፣ ግን አሮጌውን አሠራር ለመጠየቅ ከእሱ የሚሻል የለም፤ ዓይኑ ገና አልለመደማ። ስድስት ወር ሲሞላው እሱም እንደኛ ሁሉን ነገር ልክ ነው ማለት ይጀምራል።

«ከተናገርኩ ነገ እባረራለሁ»

ይሄ ደግሞ የእኛ የሠራተኞቹ ነው፣ እና ግማሹ ትክክል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል ስለሆነ ወይም ተወካይ ስለሆነ ማሰናበት ሕጋዊ አይደለም ይላል። 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅትም ማኅበር መመሥረት ይቻላል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው፣ ይህን አትቀላቅሉ።

ሕጉ በቀላሉ የማይደርስበት ኩርፊያውን ነው። ሰላምታ የተነፈጋችሁት ወይም ተመርጣችሁ ሌሊት ፈረቃ የተመደባችሁት ስለተናገራችሁ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ ብልሃት ያስፈልጋል። ብቻችሁን አትግቡ፣ ያው ችግር ያለበት ሁለት ሦስት ሰው ይዛችሁ ግቡ። በትልቁ ቅሬታ አትጀምሩ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ውሃ፣ ከሰርቪሱ ሰዓት ጀምሩና አለቃው እንዴት እንደሚቀበል እዩት። ሰው ፊት ከማዋረድ ለብቻው መንገር ይሻላል፣ ከነማስረጃው፣ ከተቻለም ከነመፍትሔው። ነገሩ ከበድ ካለ በጽሑፍ አስገቡ፣ ግልባጩ ላይ ከነቀኑ አስፈርሙና ቤታችሁ አስቀምጡት። በኋላ ክርክር ቢመጣ «አልደረሰኝም» ማለት አይቻልም።